የገላው ጎማና የስሂን መርዶ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሀበሻ ገላውን ሳያማክር ቼክ አይፈርምም ነበር። ገላው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ይከትና ከገዢው ጋር ሻጩ ደጃፍ ድረስ ይሄዳል። ሞተሩን ያስነሳና ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። የዘይት መለኪያውን መዝዞ ዘይቱን በሁለት ጣቱ መካከል ያሸዋል፣ ያሸተዋል። ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል። ከዚያ ገዢውን ወደ ጎን ወስዶ ወይ «ያዘው» ወይ «ተወው» ይለዋል፤ ሌላ ማብራሪያ የለም። «ተወው» የተባለውን መኪና በድፍረት የገዛ ሰው ቢኖር፣ ገላው እንዳያየው ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት መንገድ ርቆ ነበር የሚያቆመው።

ይህ ክብር ከሩቅ የመጣ ነው። ገላው አገር ቤት አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ቀያሽ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ላንድሮቨር ተሰጥቶት ከፋና ኢሉባቦር ውስጥ፣ ገና ወረቀት ላይ ብቻ ባለ መንገድ፣ ሰባት ዓመት ነድቷል። መኪና እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ቅርንጫፍ ቆርጦ ጎማው ሥር ማንጠፍ፣ የተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ ዝናብ ውስጥ መለጠፍ፣ በአንድ ክሪክና በስድስት ገበሬ ትከሻ መኪናን ከገደል አፍ መመለስ ያውቃል። አብዮቱ መጣ፤ ጓደኞቹ ታሰሩ፤ እሱ በመተማ አድርጎ ካርቱም ገባ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ደረሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ መሐል ባለ አምስት ፎቅ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ከመቁረጥ ተነስቶ ማናጀር ሆነ። የድልድይ ስሌቱን፣ የአፈር ምርመራውን፣ የካርታ ንባቡን የሚጠይቀው ሰው ግን ጠፋ። ከእውቀቱ ሁሉ ሰው የፈለገው የመኪናውን ብቻ ነበርና ገላውም እሷኑ አጥብቆ ያዘ።

ሃምሳ ሊሞላው ሲል ለራሱ ጂፕ ገዛ። አረንጓዴ፣ ከመሬት ከፍ ያለች፣ አራቱም እግሯ የሚጎትት። ሚስቱ ትብለጥ ከመስኮት ቁልቁል አየቻትና «ለሁለት ሰው ይሄን የሚያህል? ዝሆን ልናሳድድ ነው እንዴ?» አለችው። ሳቀ። ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ ቁመቱ እንደሚጨምር እንዴት ብሎ ይንገራት።

ጂፗ ስትገዛ ጎማዎቿ ያለቁ ስለነበሩ በኅዳር ሀያትስቪል ወደሚገኝ ጎማ ቤት ወሰዳት። እዚያ ተሻገር የሚባል ሠላሳ ዓመት የሞላው ልጅ ይሠራል። ዝምተኛ ነው፤ አገር ቤት ፖሊቴክኒክ ሁለት ዓመት ተምሮ ያቋረጠ፣ ስለ ጎማ ሲሆን ብቻ አፉ የሚፈታ። የዚያን ዕለት ዘይት ለመቀየር የመጡ ሦስት ሀበሻ ታክሲ ነጂዎች መጠበቂያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ ገላው፣ ለዚህች አራት ስኖው ታየር፣ የበረዶ ጎማ፣ ላድርግልዎት» አለ ተሻገር። «ሚያዝያ ላይ ሲሞቅ ብቅ ይበሉና ለሁሉም ወቅት የሚሆነውን ኦል ሲዝኑን እገጥምልዎታለሁ።»

«ለስንት ቀን በረዶ ብዬ? በዓመት አምስት ቀን ለማይሞላ?»

«አንድ ቀንም ቢሆን መቆም ያስፈልጋል።»

«ፎር ዊል እኮ ናት፣ ተሻገር።»

«ፎር ዊል ያስነሳዎታል እንጂ አያቆምዎትም። ፍሬን ሲይዙ እርስዎም ኮሮላውም አንድ ናችሁ። መሬት የሚይዝልዎት ጎማው ነው።» ሁለት ጎማ እያንከባለለ አመጣና የገላውን አውራ ጣት ይዞ አስነካው። «ይሄ ኦል ሲዝኑ ነው። ብርዱ ሲጠነክር እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። ይሄኛው ግን በብርድም ለስላሳ ነው። ጥርሱን ይዩት፣ በምላጭ የተተለተለ ይመስላል፤ በረዶውን ነክሶ የሚይዘው በእሱ ነው።»

ገላው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ይሰማው ነበር። የተባለው ነገር ልክ መሆኑን ጣቱ ራሱ ነግሮታል። ዋጋውም አልከበደውም። አራት ትርፍ ጎማ የሚያስቀምጥበት ቦታ በአፓርታማው አልነበረውም፣ እውነት ነው፤ ግን የሚሠራበት ፓርኪንግ ምድር ቤት አርባ ጎማ ይውጣል። ያስቸገረው ከኋላው የሦስቱ ሰዎች ዝምታ ነበር። ወሬያቸውን አቁመው ያዳምጣሉ።

ኦል ሲዝኑን ገልብጦ ጎኑ ላይ የተጻፉትን ፊደሎች በጣቱ መታ መታ አደረገ። «ይሄ ምን ይላል? ኤም እና ኤስ። ጭቃና በረዶ ማለት ነው። ፋብሪካው የጻፈውን አንተ ልትሰርዘው ነው?»

«እሱ የጥርሱን ቅርጽ ነው የሚናገረው፣ ጋሼ። ላስቲኩን አይደለም።»

በፈቃዱ የሚባለው ታክሲ ነጂ ከወንበሩ ሳይነሳ «አንተ ልጅ፣ ማንን ነው ጎማ የምታስተምረው? ሰውየው እኮ አንተ ሳትወለድ ጎማ ሲጨርስ የኖረ ነው» አለ። ሁለቱ ሳቁ።

ገላውም አብሯቸው ሳቀ። ሳቁ ደስ አለውና ጨመረበት፦ «እኔ የከፋን ጭቃ ስወጣ ስወርድ አንተ ጡት አልጣልክም። ጎሚስታ ከሆንክ ጎሚስታ ሁን፤ ሌክቸሩን ተወው።»

ሳቁ በረታ። ተሻገር ጆሮው ቀላ፤ «እሺ ጋሼ» ብሎ የበረዶውን ጎማ እያንከባለለ ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ አራቱን ኦል ሲዝን ገጠመ። እያንዳንዱን ብሎን በማሽን ካጠበቀ በኋላ እንደገና በእጁ ዞሮ አጠበቀ። ገላው ይህን አይቷል።

ከዚያ በኋላ ስለ በረዶ ጎማ የጠየቀውን ሁሉ «አሜሪካኖች ለፈሪ ለመሸጥ የፈጠሩት ነው» እያለ ይመልስ ጀመር።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ረቡዕ ቀን፣ ለአቶ ገብረየስ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለላቸው። አቶ ገብረየስ ደብረ ማርቆስ ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማሩ፣ ሰባ ያለፋቸው፣ ለሠርግም ለለቅሶም ፊት የሚቀድሙ ሽማግሌ ናቸው። የደወለው መርዕድ የሚባል ሰው ነበር። እናቱ አርፈዋል። እህቱ ስሂን እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ትኖራለች። «በስልክ እንዳትሰማብኝ፣ አደራ» አላቸው።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን ደንብ በዚያ አካባቢ ያጸናው ራሱ ገላው ነበር ማለት ይቻላል። አባቱ የሞቱት እሱ ካርቱም ሳለ ነው፤ ወሬውን ያገኘው ከሦስት ወር በኋላ፣ ፖስታ ቤት ቆሞ በከፈተው ደብዳቤ። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ቋንቋውን የማያውቁ ሰዎች ቴምብር ለመግዛት ተሰልፈዋል። ደብዳቤውን አጠፈና፣ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሄዶ ከሰልፉ ኋላ ቆመ፤ ተራው ሲደርስ ቴምብር ገዝቶ ወጣ። ይህንን ለሰው ሲያወራ «ቴምብሩን እስከ ዛሬ አልላስኩትም» ብሎ ይስቅ ነበር፤ ሌላ ሰው ግን ሲስቅ አላየም።

ስለዚህ አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለሽማግሌ ይደውላል፤ ሽማግሌው ሰው ይሰበስባል፤ ማለዳ፣ ሐዘንተኛው ለሥራ ሳይወጣ፣ በር ይንኳኳል። በሩን ሲከፍት ነጠላ የለበሱ ሰዎች ያያል። ማንም ሳይናገር ይገባዋል። ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አለ።

ስሂን ሆስፒታል ላብራቶሪ ትሠራለች። ከስድስት ዓመት ልጇ ከያኔት ጋር ብቻዋን ናት። እናቷን ካየች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ልታመጣቸው ወረቀት ጀምራ ነበር። ቅዳሜ ሥራ ስለማትገባ መርዶው ለቅዳሜ ተቀጠረ፦ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት ስድስት ተኩል። አንድ ፎቅ ከሥሯ የምትኖረው ሀጀራ ሚስጥሩ ተነግሯት፣ ሽማግሌዎቹ ሲደርሱ አብራ እንድትወጣ ተስማማች። ፍራንክፈርትም ቶሮንቶም ላሉት ዘመዶች ቃል ተላለፈ፦ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በፊት ማንም እንዳይደውል፤ ከዚያ በኋላ ስሂን አውቃለች፣ ደውላችሁ አጽናኗት።

አርብ ከሥራ መልስ አቶ ገብረየስና ለመርዶው የተጠሩት ሰዎች ገላው ቤት ተሰበሰቡ። ቴሌቪዥኑ ሌሊቱን በረዶ እንደሚጥል ይናገራል።

አቶ ገብረየስ ሻያቸውን አስቀመጡ። «እኔ እንደሚመስለኝ» አሉ «እዚያው አሌክሳንድሪያ ላሉት ብንተወው ይሻላል። ሀጀራ አለች፤ ሁለት ሰው ጎረቤት ትጨምርና ጠዋት ይንገሯት። እኛ መንገዱ ሲጠረግ እንደርሳለን። እናቷን እኔ ስለማውቃቸው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ቀጠሮ ተይዞ መቅረት አይሆንም።»

«ጋሽ ገብረየስ፣ እርስዎ ሳይኖሩ እንዴት ይሆናል?» አለ ገላው። «እኔ እያለሁ? ጂፗ እኮ ለዚህ ካልሆነች ለመቼ ናት? አምስት ሰዓት ላይ እንነሳለን፣ ስድስት ተኩል ደጇ ነን።»

«በረዶው አያስቸግርህም?»

«አራቱም ጎማ ይጎትታል።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። ልጃቸው ባለፈው ዓመት ስለ በረዶ ጎማ የነገራቸው ትዝ ብሏቸው ይሆናል፣ «ጎማውስ የበረዶ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ክፍሉ ውስጥ ከእሱ ሌላ አምስት ሰው ነበር። አምስቱም ገላውን ያያሉ።

«አዎ፣ የበረዶ ነው» አለ።

«እንግዲያው እንሂድ» አሉ አቶ ገብረየስ፤ ሌሎቹ መንገዱ ሲጠረግ ሊከተሉ ተስማሙ፤ ለሀጀራም «እኛው እንመጣለን፣ ጠብቂን» ተብሎ ተደወለላት።

ትብለጥ ብርጭቆ ይዛ ወደ ኩሽና ስትሄድ በዐይኗ ጠራችው። በሩን ገፋ አደረገችና «ለምን ዋሸሃቸው?» አለች በዝግታ።

«አልዋሸሁም። በረዶ የሚል ተጽፎበታል። ከፈለግሽ ውረጂና አንብቢ።»

«ተሻገር ያለህን አንተው ራስህ ነህ የነገርከኝ። እየሳቅህ።»

«ትብለጥ፣ እኔ መንዳት ልማር?»

«እኔ ስለ መንዳት ምንም አልወጣኝም። ተነስና አሁኑኑ ንገራቸው፤ ሀጀራ ትንገራት። ማንም አይታዘብህም፣ ስለ ጎማ ማን ግድ ይሰጠዋል?»

ሰው እንደሚታዘበው ያውቅ ነበር። ሳሎን ተመለሰና ሽማግሌውን ካፖርታቸውን አለበሳቸው።

ጠዋት ሲነሱ አራት ጣት በረዶ ጥሏል፤ ገናም ይጥላል። አቶ ገብረየስ ጋቢያቸውን ከካፖርታቸው ሥር ደርበው ፊት ተቀመጡ፤ ትብለጥ ከኋላ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ትንንሽ መኪኖች ዳገቱ አቅቷቸው ጎን ለጎን ተደርድረው ጎማቸውን ያሽከረክራሉ። ጂፗ በመካከላቸው ሳትንገዳገድ ወጣች። ገላው ዝም ብሎ ለመንዳት ሞከረና አቃተው፤ «አያችሁ?» አለ።

«እንዲያው ድንቅ ናት» አሉ አቶ ገብረየስ።

ትብለጥ ከኋላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ ላይ፣ አንድ መስመር ብቻ ተጠርጓል። አርባ ማይል ያዘ፤ ከዚያ አርባ አምስት። አቶ ገብረየስ የስሂንን እናት እንዴት እንዳወቋቸው ማውራት ጀመሩ። ስድስት ሰዓት ከአምስት ሲሆን ወደ ወንዙ ድልድይ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ደረሱ። ከድልድዩ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው፤ ሩብ ሰዓት ቢቀራቸው ነው። ከፊት የመኪኖች ቀይ የፍሬን መብራት ተደርድሮ በራ። ገላው ፍሬን ያዘ።

ምንም አልሆነም። ጂፗ ፍጥነቷን ሳትቀንስ፣ ድምፅ እንኳን ሳታሰማ፣ እንደ ጀልባ ሄደች። ፍሬኑን ለቀቀ፣ ያዘ፣ ለቀቀ፣ ያዘ። ማርሽ ቀነሰ። ከፋ ያስተማረውን ሁሉ በሦስት ሰከንድ ሞከረ። ከእግሩ ሥር ያለው ጎማ እንደ ደረቅ ፕላስቲክ መሬቱ ላይ ሲንሸራተት በመሪው በኩል ለእጁ ተሰማው። ከፊቱ የቆመውን መኪና ላለመምታት ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ ጂፗ ግማሽ ዞረች፣ ከመንገዱ ወጣች፣ በሣሩ ላይ ቀስ ብላ ወርዳ ቦይ ውስጥ በአንድ ጎኗ አዘንብላ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። መጥረጊያው መስተዋቱን መጥረግ ቀጠለ።

ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ሞከረ። ሁለት ጎማ አየር ላይ ነበር።

ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ ፖሊስ መጣ። ወጣት ነው፤ ባርኔጣውን በላስቲክ ሸፍኗል። ደኅንነታቸውን ጠየቀ፣ ጎታች መኪና በሬዲዮ ጠራላቸው፣ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ እንደሚችል ነገራቸው። ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማውን በባትሪ አየና በእንግሊዝኛው «ይሄ ኦል ሲዝን ነው አይደል?» አለ።

«አዎ» አለ ገላው።

«የበረዶ ጎማ የለህም?»

«የለኝም።»

አቶ ገብረየስ መስኮታቸው ተከፍቶ ነበር። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል።

ትብለጥ ከኋላ «ንገረው፣ ስልክ ያለበት ያድርሰን» አለችው። ገላው ለፖሊሱ ለማስረዳት ሞከረ፦ አሌክሳንድሪያ አንዲት ሴት አለች፣ እናቷ ሞታለች፣ እሷ አታውቅም፣ እኛ በስድስት ተኩል ልንነግራት ነበር፣ ከሰባት በኋላ ግን ሰዎች ይደውላሉ።

ፖሊሱ በትዕግሥት አዳመጠ። «ታዲያ» አለ «እናንተ ለምን አትደውሉላትም?»

 ፖሊሱም ወዲያው ለሌላ አደጋ በሬዲዮ ተጠርቶ፣ ከመኪናው እንዳይወጡ አስጠንቅቆ ሄደ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል። መስተዋቱ በትንፋሻቸው ደመነ። ሽማግሌው ወደ ገላው ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ገላው፣ ትናንት ስለ ጎማ የጠየቅሁህ ጎማ ለማወቅ አልነበረም። እንሂድ ወይስ እንቅር ብዬ ነው የጠየቅሁህ።»

«ያውቃሉ፣ ጋሽ ገብረየስ፣ ጽሑፉ ላይ...»

«ተወው።»

ጎታቹ ስምንት ተኩል ላይ መጥቶ ጂፗን ከቦዩ አወጣት። ከድልድዩ ማዶ ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ ትብለጥ ወርዳ ለሀጀራ ደወለች። ገላው ከመኪናው ሆኖ አያት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ነጠላዋን ወደ አፏ ስትወስድ ጊዜ መስማት አላስፈለገውም።

የሆነውን ሀጀራ ናት ደረጃው ላይ የነገረቻቸው። ከስድስት ጀምሮ መስኮት ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ሰባት ሲያልፍ ለብቻዋ ወጥታ ልትናገር አሰበች፤ ደግሞ «አሁን ይደርሳሉ፣ ሽማግሌ ሳይቀድም እንዴት እደፍራለሁ» ብላ ተመለሰች። ስምንት ሊሆን ሲል ከላይ ስልክ ሲጮኽ ሰማች። ስሂን የያኔትን ጠጉር እያበጠረች ነበር። የደወለችው ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቷ ልጅ ናት፤ በተባለችው ሰዓት፣ እንዲያውም ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት ጨምራ። «ስሂንዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት። ስሂንም «በምን?» አለች።

ሀጀራ በሩን ስትደርስ የከፈተችላት ያኔት ነበረች፣ ግማሽ ጠጉሯ ተሠርቶ። «ማሚ ኢዝ ኦን ዘ ፍሎር» አለቻት፤ እናቷ ወለሉ ላይ ነበረች።

በሦስቱ የለቅሶ ቀናት አሌክሳንድሪያ የገባ ሰው ሁሉ ስለ በረዶው አወራ። ስሂን ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። በፈቃዱ መጥቶ «ገላው ያልቻለውን መንገድ ማን ይችለዋል? እኛ ብንሆን ከድልድዩ ወንዝ ውስጥ ነበር የምንገባው» አለ። ሴቶቹ «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ሰው ምን ያድርግ» ይላሉ። አቶ ገብረየስ ሲጠየቁ «መንገዱ አስቸገረን» ይላሉ። ገላው ጥግ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ይነቀንቃል። አንድ ጊዜ እንዲያውም «እንዲህ ያለ በረዶ አይቼ አላውቅም» ሲል የገዛ ድምፁን ሰማው።

እሁድ ከሰዓት ተሻገር መጣ። ገላው በመስኮት አየው፤ መኪና ማቆሚያው ውስጥ በጂፗ አጠገብ ሲያልፍ ቆም አለ፣ ጎማዋን አየ፣ ቀጠለ። ገብቶ ስሂንን አጽናና፤ ከዚያ መጥቶ ገላው አጠገብ ባለው ወንበር ተቀመጠ። «እንኳን ተረፋችሁ፣ ጋሼ» አለ።  ወሬው ዞሮ ዞሮ በረዶው ላይ ሲደርስ ተሻገር እጆቹን እያየ ዝም አለ። ቢናገርበት ለገላው ይሻለው ነበር፤ አንድ ቃል፣ አንድ የሚወጋ ፈገግታ እንኳ። ልጁ ግን ለቅሶ ቤት መሆኑን አልረሳም።

ከዚያ ወዲህ ገላው ስለ መኪና የሚጠይቀውን ሁሉ «ተሻገርን ጠይቁት፣ እሱ ይሻላችኋል» ማለት ጀመረ። ሰዎቹ ትሕትና መሰላቸው፤ ይባስ አከበሩት። ትብለጥ ስለ ነገሩ አንድም ቀን አላነሳችም። ሌሊት ግን እንቅልፍ እንዳልወሰደው ስታውቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ለለቅሶው የሄደውን የዕድር ወንበር መመለስ ነበረበት። ሃያ አራት ተጣጣፊ ወንበር ነው፤ የሚይዘው ጂፗ ብቻ ስለሆነ ሥራው የእሱ ነው። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ደርቋል። ስሂን ጥቁር ለብሳ በሩን ከፈተችለት። ከስታለች። ያኔት ትምህርት ቤት ናት። ሻይ ልታፈላለት ስትል እንቢ አለ፤ ወንበሮቹን አራት አራት እያደረገ ማውረድ ጀመረ። በአምስተኛው ምልልስ በር ላይ ቆመ።

«ስሂን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ይበሉ።»

«ያን ጠዋት የቀረነው በበረዶው አይደለም። ጎማዬ የበረዶ አልነበረም። ልጁ አስገባ ብሎኝ ነበር፤ ሰው ፊት ቀልጄበት እንቢ አልኩ። ጋሽ ገብረየስ አርብ ዕለት ሲጠይቁኝ ደግሞ የበረዶ ነው ብዬ ዋሸኋቸው። እውነቱን ብናገር ኖሮ ሀጀራ በስድስት ተኩል ትነግርሽ ነበር። በሰው መሐል ትሰሚው ነበር።»

ሲናገር ሦስት ሳምንት ደረቱ ላይ የተቀመጠው ነገር በእርግጥ ቀለል አለው። ያን መቅለል ወዲያው አፈረበት፤ ፊቷን አይቶ ነው።

ስሂን በሩን ተደግፋ ቆየች። አላለቀሰችም። «ለምን ነገሩኝ?» አለች።

«እንድታውቂ ብዬ።»

«ማወቄ ለማን ይጠቅማል?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ እስከ ዛሬ በረዶውን ነበር የምረግመው። በረዶ ፊት የለውም፣ ጋሼ ገላው። እርስዎን ግን እሁድ እሁድ ላገኝዎት ነው። ሰላምታ ልሰጥዎት ነው።»

ገላው ወለሉን አየ።

«ጋሽ ገብረየስ ያውቃሉ?» አለች።

«ያውቃሉ።»

«እትዬ ትብለጥስ?»

«ታውቃለች።»

«ልጁ ተሻገርም ያውቃል ማለት ነው። እዚህ መጥቶ አጠገብዎ ተቀምጦ ነበር።»

«ያውቃል።»

«እናቴ ረቡዕ ስትሞት ፍራንክፈርት አወቀ፣ ቶሮንቶ አወቀ፣ ከሥሬ ያለችው ሀጀራ አወቀች። ሐሙስና አርብ እየሳቅሁ ሥራ ገባሁ፤ ሀጀራ ሊፍት ውስጥ አይታኝ እንዴት አደርሽ ትለኛለች። አሁን ደግሞ ይሄን። ሁሌም የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ያቺን ደንብ ያጸናት እሱ ነው፤ አንድ ሰው ፖስታ ቤት ቆሞ ብቻውን እንዳያነብ ብሎ። ይህን ሊላት ነበር። ግን ይህም ቢነገር ለራሱ ነው የሚጠቅመው። አፉን ዘጋ።

አራት ወንበር ቀርቶ ነበር። ሊያነሳቸው ሲያጎነብስ ስሂን ቀደመችው፤ ሁለት ሁለቱን በየክንዷ ሥር ይዛ ደረጃውን ወረደች። «ግድ የለሽም፣ ስጪኝ» እያለ ተከተላት፤ አልሰጠችውም። ከጂፗ ኋላ አስፋልቱ ላይ አቆመቻቸው፣ እንዳይወድቁ አንዱን በአንዱ አስደገፈች፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ተመልሳ ወጣች።

ገላው የላይኛው በር ሲዘጋ እስኪሰማ ቆየ። ከዚያ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ጫነ፤ ቀስ ብሎ፣ ብረቱ ከብረት እንዳይጋጭና ወደ ላይ እንዳይሰማት።